ሕልም ፈቺ በራሱ ሕልም ፊት

ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ይላሉ አባቶች። እውነት ነው። ነገር ግን ተኝቶ ሕልም ማየት አንድ ነገር ነው፤ ያዩትን ሕልም ይዞ ስለ ራስ ጠባይ መማር ሌላ ነገር ነው። ስለ ሁለተኛው ለመጻፍ ያሰብሁት፣ የማውቃቸው አንዳንድ ወጣቶች ሕልማቸውን በደብተር እየጻፉ «ይህ ሕልም ስለ እኔ ምን ይለኛል?» እያሉ ሲመራመሩ ስላየሁ ነው። ልማዱን አልነቅፈውም። በሕልሙ ጥርሱ ሲወልቅ ያየ ሰው ዘመድ ይሞትበታል እያልን ስንንቀጠቀጥ ከማደጋችን ይህኛው ይሻላል። ሆኖም በዚህ መንገድ የሚሄድ ሁሉ የሚያገኘው አንድ ወጥመድ አለ። ወጥመዱን በደንብ ያየሁት ደግሞ የዚህ ልማድ አባት በሚባለው ሰው መጽሐፍ ውስጥ ነው።

መጽሐፉ የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ የጻፈው «የሕልም ትርጓሜ» ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የወጣው በ1899 መጨረሻ ሲሆን በሽፋኑ ላይ ግን 1900 ተብሎ ታተመ። የታተመው 600 ቅጂ ብቻ ነበር፤ እርሱንም ሸጦ ለመጨረስ ስምንት ዓመት ያህል ፈጀ። እኔ እዚህ የምመረምረው መጽሐፉን በሙሉ አይደለም፤ ያንን ለማድረግ ዕውቀቱም ዕድሜውም ያንሰኛል። የምመረምረው ሁለተኛውን ምዕራፍ ነው፤ በዚያ ምዕራፍ ደራሲው የሌላ ሰው ሳይሆን የራሱን ሕልም አቅርቦ ለአርአያ ይፈታዋልና።

በመጀመሪያ የሚገባውን ምስጋና ልስጠው። ከእርሱ በፊት የነበሩት የሕልም መጻሕፍት አብዛኞቹ መዝገብ ነበሩ፤ እባብ ያየ እንዲህ ይሆናል፣ ወንዝ የተሻገረ እንዲያ ይሆናል ይላሉ። ከእነርሱ ሁሉ ብልህ የነበረው፣ በሁለተኛው መቶ ዓመት የኖረው የኤፌሶኑ አርጤሚዶሮስ እንኳ፣ የሕልመኛውን ሥራና ኑሮ ሳትጠይቅ አትፍታ ብሎ ቢያስጠነቅቅም፣ ፍቺውን የሚያውቀው ግን ፈቺው እንደ ሆነ ያምን ነበር። ፍሮይድ ይህን ገለበጠው። ሕልሙን ቈራርጠህ እያንዳንዱን ቍራጭ ለብቻው ያዝ፤ ይህ ቍራጭ ምን አሳሰበኝ ብለህ ራስህን ጠይቅ፤ የመጣልህን ሁሉ፣ አሳፋሪም ቢሆን፣ የማይረባ ቢመስልም፣ ሳትመርጥ ጻፈው አለ። ፍቺው በመዝገብ ሳይሆን በሕልመኛው ትዝታ ውስጥ ተሸሽጓል ማለቱ ነው። ይህ ታላቅ ቁም ነገር ነው፤ ለድኻውም ለመኳንንቱም እኩል የሚሆን መሣሪያ ነው፤ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ይበቃዋል።

ሕልሙ እነሆ። ፍሮይድ በ1895 የበጋ ወራት በቪየና አጠገብ ባለ ኰረብታ ላይ ቤልቪው በሚባል ቤት ይኖር ነበር። ዕድሜው 39 ነው። በመጽሐፉ ኢርማ ብሎ የሚጠራትን አንዲት የቤተሰብ ወዳጅ ሲያክማት ቈይቶ፣ ሕክምናው ሳይጨረስ ለዕረፍት ተለያይተዋል። በሐምሌ 23 ቀን ኦቶ የሚለው ወጣት ሐኪም ከእነ ኢርማ ዘንድ ሰንብቶ መጣና፣ ተሽሏታል፣ ግን ፈጽሞ አልዳነችም አለው። ፍሮይድ በአነጋገሩ ውስጥ ወቀሳ የሰማ መሰለው። ቅር ተሰኘ። በዚያው ምሽት ተቀምጦ የኢርማን የሕመም ታሪክ በሙሉ ጻፈ፤ ዶክተር ኤም ብሎ ለሚጠራው ታላቅ ሐኪም ሊሰጠውና ጥፋት እንደሌለበት ሊያስረዳበት ነበር።

ከዚያ ተኛ። በሕልሙ በትልቅ አዳራሽ እንግዶች ይቀበላል። ኢርማን ያገኛታል፤ ገለል አድርጎ፣ እስካሁን የሚያምሽ ከሆነ ጥፋቱ ያንቺው ነው ይላታል። እርሷም ጉሮሮዋን፣ ሆዷን እንደሚያማት ትነግረዋለች። ይደነግጣል፤ ወደ መስኮት ወስዶ አፏን ሊያይ ሲል፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንዳላት ሴት ታመነታለች። ሲከፈት በቀኝ በኩል ትልቅ ነጭ ቦታ፣ በሌላውም ወገን የአፍንጫ ውስጥ አጥንት በሚመስል ነገር ላይ ግራጫ ቅርፊት ያያል። ዶክተር ኤም ይጠራል፤ ገርጥቶ፣ እያነከሰ፣ ጺሙን ተላጭቶ ይመጣል። እርሱም መመረዝ ነው፣ ግን ግድ የለም፣ ተቅማጥ ይመጣና መርዙ ይወጣል ይላል። በመጨረሻም ምክንያቱ ይታወቃል፤ ኦቶ መርፌ ወግቷት ነበር፤ እንዲህ ያለ መርፌ እንዲሁ በችኰላ አይወጋም፤ መርፌውም ንጹሕ አልነበረ ይሆናል።

ፍሮይድ ይህን ቈራርጦ ብዙ ገጽ ሲጽፍበት ማንበብ ደስ ይላል። መጨረሻ ላይ የደረሰበት ፍቺ ግን አጭር ነው፤ ሕልሙ ምኞትን ይፈጽማል፤ ምኞቱም «የኢርማ ሕመም የእኔ ጥፋት አይሁን» የሚል ነው። ጥፋቱ አንዴ የኢርማ ነው፣ አንዴ የኦቶ ነው፣ አንዴ የበሽታው ነው። ሕመሟ የሥጋ በሽታ ሆኖ ቢገኝ ከኀላፊነት እድን ነበር ብሎ እስከ መመኘት መድረሱን ራሱ ያምናል። ራሱንም የጎረቤቱን ማንቆርቆሪያ ተውሶ ሰብሮ በመለሰ ሰው ይመስለዋል። ያ ሰው ሲከሰስ፣ አንደኛ ደኅና አድርጌ መልሻለሁ፤ ሁለተኛ ስቀበለው ቀዳዳ ነበር፤ ሦስተኛ ከቶውንም አልተዋስሁም አለ ይባላል። እንዲህ ብሎ በራሱ ላይ የሚስቅ ሊቅ ብዙ አይገኝም። እኔም መጽሐፉን መጀመሪያ ሳነብ እዚህ ላይ ስደርስ፣ እውነተኛ ሰው አገኘሁ ብዬ ነበር።

ታዲያ ነቀፋህ ምንድር ነው ትሉኝ ይሆናል።

በመጽሐፉ ያልተጻፈ ነገር ነበረ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር፣ ከሕልሙ አምስት ወር በፊት፣ ፍሮይድ ያክማት የነበረች ኤማ ኤክስታይን የምትባል ሴት አፍንጫዋን ተቀደደች። ቀዳጁ የበርሊኑ ሐኪም ዊልሄልም ፍሊስ፣ በዚያ ዘመን የፍሮይድ የልብ ወዳጅ ነበር። ፍሊስ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሴትዮዋ ግን ፊቷ አበጠ፣ ቁስሉ ሸተተ፣ ደም ፈሰሳት። በመጋቢት አንድ ሌላ ሐኪም ተጠርቶ ቁስሉን ሲያጸዳ አንድ ክር አገኘ፤ ቢስበው ግማሽ ሜትር ያህል የቁስል ሻሽ ተከትሎ ወጣ። ፍሊስ ረስቶት የሄደው ነው። ደሟ እንደ ጎርፍ ፈሰሰ፤ ለሞት ቀረበች። ፍሮይድም ቆሞ ሲያይ ራሱን ሊስት ደርሶ ከክፍሉ ወጣ። ይህን ሁሉ በደብዳቤ ለፍሊስ ጻፈለት፤ ሲጽፍለትም የሚያጽናናው ሕመምተኛዋን ሳይሆን ወዳጁን ነበር።

እንግዲህ ሕልሙን መልሳችሁ አንብቡት። የአፍንጫ አጥንት የሚመስል ነገር፣ ግራጫ ቅርፊት፣ በግድየለሽነት የተሠራ ሕክምና፣ ንጹሕ ያልሆነ መሣሪያ፣ ግድ የለም የሚል ሐኪም! ኢርማ ኤማ ናት ማለቴ አይደለም፤ ብዙ ሊቃውንት ኢርማን ከሌላ ሴት ጋር ያገናኟታል፤ ሕልምም ብዙ ሰው በአንድ ፊት ማሳየት ልማዱ ነው። ነገር ግን የአምስት ወር ቁስል በዚያ ሌሊት ተኝቶ ነበር ብሎ ማመን ይቸግራል። በመጽሐፉ ፍቺ ውስጥ ግን ስለ ኤማ ቃል የለም። ፍሊስ ስሙ ሳይጠራ ይነሣል፤ የሚነሣውም ሌላው ሁሉ ሲቃወመኝ የሚረዳኝ ወዳጄ ተብሎ ነው።

ፍሮይድን የሚወዱ ሰዎች መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ቀላል አይደለም። ሐኪም የሕመምተኛውን ምስጢር ማውጣት የለበትም፤ የወዳጁንም ስም ማጥፋት አይገባውም፤ እርሱም ራሱ የመጣልኝን ሁሉ አልጻፍሁም፣ የሚወቅሰኝ ካለ ከእኔ ይበልጥ ግልጥ ሆኖ ይሞክረው ብሏል። ይህን እቀበላለሁ። ከአንባቢ መሰወር ለማንም ይፈቀዳል። እኔም ለእናንተ የማልነግራችሁ ብዙ አለ። ቁም ነገሩ ከአንባቢ መሰወሩ አይደለም፤ ከራሱ ተሰውሮ እንደ ሆነ ነው።

ለዚህም ምስክሩ የራሱ እጅ ጽሑፍ ነው። ከሕልሙ አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1896፣ ለፍሊስ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ላይ፣ የኤማ ደም የፈሰሰው ከናፍቆት ነው፣ የልብ ምኞት ነው ሲል ጻፈ። ሻሹ ከአፍንጫዋ ሲወጣ በዓይኑ ያየው ሰው ነው ይህን የጻፈው! ማንቆርቆሪያውን አልተዋስሁም ካለው ሰው በምን ይለያል? ሕልሙ ያን ሌሊት የነገረውን በትክክል ፈትቶ፣ በሕትመትም ለዓለም አስተምሮ፣ በኑሮው ግን ያንኑ የሕልሙን ምኞት መፈጸም ቀጠለ።

እነዚህ ደብዳቤዎች እንዴት ወደ እኛ ደረሱ ብትሉ፣ በ1937 የፍሮይድ ተማሪ የነበረችው ልዕልት ማሪ ቦናፓርት ከነጋዴ ገዛቻቸው። ፍሮይድ እንዲጠፉ ፈለገ፤ እርሷ እንቢ አለች። በ1950 ተመርጠው ሲታተሙ የኤማ ነገር ተቈርጦ ወጣ። በ1966 የፍሮይድ ሐኪም የነበረው ማክስ ሹር ነገሩን ገለጠው፤ በ1985 ደብዳቤዎቹ በሙሉ ታተሙ። እንግዲህ የአንድ ሌሊት ሕልም በአንባቢ ፊት ተፈትቶ እስኪያልቅ 90 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ጠባዩ የአንድ ሌሊት ብቻ አልነበረም ለማለት ሌላ ታሪክ ልጨምር። በ1909 ፍሮይድና የስዊሱ ሐኪም ካርል ዩንግ አብረው በመርከብ ወደ አሜሪካ ሄዱ። በጉዞው አንዱ የሌላውን ሕልም እየፈታ ይጫወቱ ነበር። ዩንግ በስተርጅና ሲያወጋ፣ አንድ ቀን የፍሮይድን ሕልም ለመፍታት ስለ ቤቱ ኑሮ ጥቂት ንገረኝ ብለው፣ ሥልጣኔን ለአደጋ አላጋልጥም ብሎ ከለከለኝ ይላል። ለእኔ ግን ከዚህ የሚደንቀው ዩንግ ስለ ራሱ የጨመረው ነው። እርሱም በሕልሙ ባለ ብዙ ደርብ ቤት፣ ከሥሩም በዋሻ ውስጥ ሁለት የራስ ቅል አይቶ ነበር። ፍሮይድ የማን ራስ ቅል ነው እያለ አጥብቆ ቢጠይቀው፣ መምህሩን ለማስደሰት ብሎ የሚስቴና የእኅትዋ ነው ሲል ዋሸ። አንዱ ሥልጣኑን ሲጠብቅ፣ ሁለተኛው ሰላሙን ሲጠብቅ፣ የዘመኑ ሁለት ታላላቅ ሕልም ፈቺዎች በአንድ መርከብ ላይ ተሸሻሸጉ። (የሰማነው የአንዱን ወገን ብቻ፣ ያውም ከብዙ ዘመን በኋላ መሆኑን አልዘነጋሁም። ቢሆንም ሰው ራሱን ዋሸሁ ብሎ ሲመሰክር ማመን ይቀላል።)

ሕልም ከቶ ትርጕም የለውም የሚሉ እንዳሉም አውቃለሁ። በ1953 በቺካጎ አሴሪንስኪና ክላይትማን የተኛ ሰው ዓይን በየጊዜው በፍጥነት እንደሚንቀሳቀስ፣ በዚያን ጊዜም ቢቀሰቀስ አብዛኛውን ጊዜ ሕልም እንደሚናገር አሳዩ። በ1977 ሆብሰንና መካርሊ ሕልም ከአንጎል ግንድ በሚነሣ ንዝረት ይጀምራል፣ የቀረው አንጎል ንዝረቱን ተቀብሎ ታሪክ ያበጅለታል አሉ። ይሁን! ንዝረቱ የማንም ይሁን፤ ታሪኩ የተበጀው ግን ከእኔ ጎተራ በወጣ እህል ነው። በዚህ ላይ ብዙ አልከራከርም።

ይልቅ የተሻለ ፈቺ ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ሁላችሁም የምታውቁትን ዳንኤልን አነሣለሁ። የትንቢተ ዳንኤልን አራተኛ ምዕራፍ እንደገና አንብቡት። ንጉሥ ናቡከደነፆር ቁመቱ ሰማይ የሚደርስ ዛፍ ሲቈረጥ አየ። ዳንኤል ነገሩ ገብቶት ለጊዜው ደንግጦ ዝም አለ፤ ሕልሙ ለጠላቶችህ በሆነ ብሎም ተመኘ። በኋላ ግን ዛፉ ራሱ ንጉሡ እንደ ሆነ ነገረው፤ ለድኾችም እንዲራራ መከረው። እኔን የሚያስደንቀኝ የፍቺው ጥልቀት አይደለም፤ ዛፍና ንጉሥን ማመሳሰል ብዙ ሊቅነት አይጠይቅም። የሚያስደንቀኝ ፈቺው ሕልመኛው አለመሆኑ፣ ደግሞም ሕልመኛውን ለማስደሰት አለመፈለጉ ነው። ንጉሡ ብቻውን ፈትቶት ቢሆን ኖሮ፣ ያ ታላቅ ዛፍ መንግሥቴ ነው፣ የሚቈርጡትም ምቀኞቼ ናቸው ብሎ ሠራዊት ባዘመተ ነበር።

ይህን የምለው ለጨዋታ አይደለም። ሕልም አይቼ ልቤ ነገረኝ እያለ ከባልንጀራው የተቈራረጠ፣ ጎረቤቱን የጠረጠረ፣ ትዳሩን ያወከ ሰው በየሠፈራችን አለ። እንዲህ ያለው ሰው ሕልሙን ሲፈታ ከሳሹም ዳኛውም ምስክሩም ራሱ ነው፤ ተከሳሹ ብቻ ሌላ ነው። አሁን ደግሞ በደብተር የሚጽፉት ወጣቶች በሌላ በኩል ያንኑ ሲያደርጉ አያለሁ። አንዱ ያነበበልኝ ደብተር ከዳር እስከ ዳር ፍቺው አንድ ነበር፤ ሰው አልተረዳኝም፣ እኔ ግን ሰፊ ልብ አለኝ የሚል። ሠላሳ ሕልም አይቶ አንድም ቀን ጥፋተኛ ሆኖ አልተገኘም። ምን ዐይነት ጻድቅ ነው አልሁ በልቤ፤ ወዲያው ግን የራሴ ደብተር ትዝ አለኝና አፈርሁ።

የራሴን ልንገራችሁ። ያን ጊዜ የምኖረው ከእናቴ ቤት ርቄ ነበር። እናቴ ታማለች፤ የምታስታምማት ታላቅ እኅቴ ናት። እኔ በየወሩ ገንዘብ እልካለሁ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ግን አልሄድሁም። ሥራ በዛብኝ እል ነበር፤ ሥራም በእርግጥ በዝቶ ነበር። አንድ ሌሊት በሕልሜ እናቴ እንደ ድሮዋ በቤታችን ወለል ላይ ቀጤማ ጐዝጕዛ ቡና ታፈላለች። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ለሁሉም ስትቀዳ ለእኔ ሲኒ ጎደለ። ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ስቄ «ግድ የለም፣ ጠጥቻለሁ» አልኋት። ደስ ብሎኝ ነቃሁ፤ ደብተሬንም አንሥቼ እንደ ፍሮይድ ሥርዓት እያንዳንዱን ቈራርጬ ጻፍሁ። ቀጤማው ጤና ነው፤ እንግዳው በረከት ነው፤ ሳቁ የልቤ ዕረፍት ነው። ከሥሩም «እናቴ ደኅና ናት፤ በእኔም ደስ ብሏታል» ብዬ ጻፍሁ።

በማግሥቱ ለእኅቴ በስልክ አወራሁላት። መልካም ያድርገው እንደምትለኝ ጠብቄ ነበር። እትዬ ግን ጥቂት ዝም አለችና፣ «ጠጥቻለሁ ያልኸው ከማን ቤት ጠጥተህ ነው?» አለችኝ።

የምመልሰው ጠፋኝ። ሕልሙን ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፤ አንድም ነገር አልደበቅሁም፤ የጎደለውን ሲኒ እንኳ ጽፌዋለሁ። ነገር ግን ስለ ቀጤማው ምን አሳሰበኝ፣ ስለ እንግዶቹ ምን አሳሰበኝ ስል፣ ስለ ሲኒው ብቻ ራሴን አልጠየቅሁም። «ግድ የለም» የሚለው ቃል ያ በፍሮይድ ሕልም ውስጥ የነበረው ሐኪም ቃል መሆኑን ያስተዋልሁት መጽሐፉን ከብዙ ጊዜ በኋላ ደግሜ ሳነብ ነው።

ከዚህ ወዲህ የማደርገውን ብቻ ልንገራችሁ፤ ሕግ አድርጌ አላወጣውም። እንደ ነቃሁ፣ ከማንም ጋር ሳልነጋገር እጽፋለሁ፤ ሕልም ከቃል ጋር ይበናልና። ከሕልሙ አጠገብ ያለፈውን ቀን ውሎዬን፣ በተለይ ያስቀየመኝንና ያሳፈረኝን እጽፋለሁ፤ ፍሮይድ ከኦቶ ቃል እንደ ተነሣ። ከዚያ ስፈታ ፈጥኜ ያለፍሁትን ቦታ ፈልጌ እመለስበታለሁ። ፍቺው ደስ ካሰኘኝ ደግሞ ለማይፈራኝ ሰው እነግራለሁ። ለዚህ ታላቅ እኅትን የመሰለ የለም። ራሴን በከንቱ ለማሠቃየት ግን አልፈታም፤ በየሕልሙ ኀጢአት የሚፈልግም ሰው አውቃለሁ፤ እርሱም የሚያስበው ስለ ራሱ ብቻ ነው፤ በሕልሙ የመጣው ሰው ምን አመመው ብሎ አይጠይቅም። ፍሮይድም ስለ ኦቶ፣ ስለ ዶክተር ኤም፣ ስለ ራሱም ብዙ ገጽ ጽፏል፤ በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ግን፣ ሲነጋ ወደ ኢርማ ልኬ እንዴት አደርሽ አልሁ የሚል አላገኘሁም።

ፍሮይድ በ1900 ለፍሊስ ሲጽፍ፣ ያ ሕልም በታየበት ቤት ላይ አንድ ቀን የእምነ በረድ ጽሑፍ ይለጠፍ ይሆን ብሎ ቀልዶ ነበር። ቤቱ ዛሬ የለም። ጽሑፉ ግን በ1977 ቤቱ በነበረበት ኰረብታ ላይ ተተከለ፤ የሕልም ምስጢር በሐምሌ 24 ቀን 1895 በዚህ ስፍራ ለዶክተር ፍሮይድ ተገለጠ ይላል። የኤማ ስም የለበትም። የእኔም ደብተር አለ። «እናቴ ደኅና ናት» ያልሁበትን ገጽ አልቀደድሁትም፤ ከሥሩ የእትዬን ጥያቄ ጻፍሁበት፤ ከእርሱም ሥር ወደ እናቴ ቤት የሄድሁበትን ቀን።